ዳገቱ መቼ ነው የሚመጣው? ለእግርና ለፈረስ ከእንጦጦ፣ ከሱሉልታ፣ ከሱባና ከወንጪ የቱ ይሻላል

እኛ ቤት ክርክሩ የሚጀመረው ሐሙስ ማታ ነው። ራት ተበልቶ ትሪው ሳይነሳ ሴቷ ልጄ "ቅዳሜ ፈረስ!" ትላለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ወንድሟ አሥራ አምስት ሞልቶታል፤ እሱ ተራራ ይላል። ተራራ ሲል ጫፍ ላይ ወጥቶ ፎቶ መነሳት ማለቱ ነው። እማዬ "እኔን ተዉኝ፣ እናንተ ሂዱ" ትላለች። ይህ "ወዴት ነው የምትወስዱኝ?" ማለት እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል።

ለብዙ ጊዜ የምንመርጠው በዚሁ በኪሎ ሜትር ነበር። ቅርብ ከሆነ ቀላል፣ ሩቅ ከሆነ ከባድ ይመስለን ነበር። ከዚያ በከፍታ መምረጥ ጀመርን። እሱም አልሠራም። እንጦጦም ወንጪም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከአንዱ ተመልሰን ማታ ለቅሶ ደርሰናል፤ ከሌላው ተመልሰን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ መውረድ አቅቶናል።

አሁን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዳገቱ መቼ ነው የሚመጣው?

ጠዋት ሁሉም ጀግና ነው። ልጅቷ ትሮጣለች። እማዬ በምርኩዟ መሬቱን እየነካካች ከፊት ትቀድማለች። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ያቺው ልጅ "እግሬ አለቀ" ብላ መንገድ ላይ ትቀመጣለች። ጠዋት የሚመጣ ዳገትና ከሰዓት የሚመጣ ዳገት አንድ አይደሉም። ፈረስ የሚያስፈልግበት ሰዓትም የሚታወቀው በዚህ ነው።

መነሻችን አራት ኪሎ ነው። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ ወይ ለገሃር ላላችሁም ሂሳቡ ብዙ አይለወጥም።

እንጦጦ፦ ዳገቱን መኪናው ይወጣላችኋል

ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ። መንገድ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ መሐል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ያልፋል። ያንን ልዩነት በሙሉ የሚወጣው መኪናው ነው። ላይ ከደረሳችሁ በኋላ የጋራው ጀርባ ሰፊ ነው። በባሕር ዛፍ መሐል ልጅም አዛውንትም ብዙ ሳያለከልክ ይሄዳል።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። የእግር መንገድ ተነጥፏል፣ ካፌ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ መጸዳጃ ቤት አለ። ወጣቶች ይህን አይቆጥሩትም። እማዬ ግን የትም ስንሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀው መጸዳጃው የት እንደሆነ ነው። እሱን ካወቀች በኋላ ነው ተራራው የሚያምራት።

ፈረሱስ? እውነቱን ለመናገር ለመቅመስ ነው። ሰውየው ልጓሙን ይዞ ዞር ዞር ያደርጋችኋል፣ ያወርዳችኋል። ፈረስ ላይ ወጥቶ ለማያውቅ ልጅ ከዚህ የተሻለ ጅማሬ የለም። የመጀመሪያ ቀን ልጄ የፈረሱን ጋማ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አንድም ቃል ሳትናገር ዞራ መጣች። ከወረደች በኋላ ነው "እንደገና!" ያለችው። ወንድሟ ደግሞ "በቃ? ይሄው ነው?" አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንድ የምታታልል ነገር አለች። እንጦጦ ቅርብ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል። መጓጓዣው እውነትም ርካሽ ነው። ከገባችሁ በኋላ ግን ፈረሱ ለብቻው ይከፈላል፣ ብስክሌቱ ለብቻው፣ ገመድ ላይ መንሸራተቱም ለብቻው። ቤተሰቡ ስድስት ሰው ከሆነ፣ ሁሉም "እኔም እኔም" ካለ፣ ማታ ቦርሳው ባዶ ነው። እኛ በር ላይ ሳንገባ እንዋዋላለን፦ ለአንድ ሰው አንድ ጨዋታ። ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ ግን ይመርጣሉ።

ሌላው ከፓርኩ ውጭ ያለው እንጦጦ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሙዚየም አለ፣ የድሮው ቤተ መንግሥትም አለ። በእግር ለሚሄድ ሰው ጥሩ ማረፊያ ነው። እማዬ የቤተ መንግሥቱን ግድግዳ እየዳሰሰች "ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ መውረዳቸው አይፈረድባቸውም" አለች። ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ስባ ነበር።

ጎረምሳ ያለው ቤተሰብ መኪናውን ትቶ ከሽሮ ሜዳ በእግር ይውጣ። እዚህ ላይ ዳገቱ መጀመሪያ ይሆናል፣ ያውም ቀጥ ያለ። ከላይ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሟችኋል። ጭነቱ ከተሸካሚዋ ይረዝማል፤ መንገዱን አግድም ይሞላዋል። ልጄ ጥግ ይዞ ሲያሳልፋቸው አንዷ ቆም ብላ "የኔ ልጅ፣ ስንት ሰዓት ነው?" አለችው። "ሦስት ከሩብ" አላት። "ውይ፣ ረፈደብኝ" ብላ እርምጃዋን አፈጠነች። እሱ ከዚያ በኋላ ቦርሳ ከበደኝ አላለም። እኔም አላነሳሁበትም።

ጫካው ውስጥ ጅብ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውረዱ። ስትወርዱ ደግሞ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቆች በር ላይ እናትየው ከቆመች የቀኑ ፕሮግራም እዚያው ያልቃል። ከራሴ ነው የምናገረው።

ሱሉልታ፦ ዳገት የለም፣ ስለዚህ ፈረሱን ተማሩ

እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ነው። ከመሐል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሜዳ ነው። ሯጮች የሚለማመዱበት ሜዳ። ለእግር ጉዞ ብላችሁ እዚያ አትሂዱ፤ አንድ ሰዓት ከሄዳችሁ በኋላም ያው ሜዳ ነው። ነፋሱም ፊት ይቆርጣል።

ፈረስ ለመልመድ ግን የምመርጠው እሱን ነው። ሰው ፈረስ ላይ የሚፈራው ከፍታውን ሳይሆን መሬቱ ሲያዘነብል ነው። ሜዳ ላይ ፈረሱ ምን እንደሚያደርግ ይታያል። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። ሶምሶማው ላይ ሁሉም ሰው እንደ ጆንያ ይንገጫገጫል፣ ምላሱን ይነክሳል። ችግር የለውም። ሽምጥ የሚባለውን ሙሉ ሩጫ ለሌላ ቀን ተዉት። ልጁ በዩቲዩብ ያየውን ልሞክር ቢልም ተዉት።

ፈረስ ስትከራዩ እኔ የማያቸውን ነገሮች ልንገራችሁ። የተማርኳቸው በዋዛ አይደለም። አንድ ቦታ፣ ስሙን ልተወው፣ ባለቤቴ ተፈናጥጦ ገና ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራተተ። እሱም አብሮ ቀስ እያለ፣ ልክ ከሶፋ ላይ እንደሚወድቅ ሰው፣ መሬት ደረሰ። ፈረሱ ዞር ብሎ አየው። አልተጎዳም፤ እኛ ግን ስንስቅ ሆዳችንን አመመን። የሆዱ ጠፍር ላልቶ ነበር። ባለፈረሱ አጥብቆት ነበር፣ ግን ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል፤ ትንሽ ከሄደ በኋላ ይተነፍስና ጠፍሩ ይላላል። ስለዚህ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ቁሙና እንደገና አስጠብቁ። ማንም አይቆጣም።

እርካቡ ውስጥ የሚገባው የእግር ፊት ብቻ ነው። ሙሉ እግር ከገባ፣ የወደቀ ሰው ይጎተታል። ለልጅ እርካቡ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ አሳጥሩላት ብላችሁ ጠይቁ። ሲሆን የራሷን የብስክሌት ቆብ ይዛ ትምጣ፤ እዚያ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ከፈረስ ኋላ አይኬድም፣ አይቆምም። ይህንን ለልጅ ከመኪና ሳትወርድ ነው መናገር።

ከዚያ የፈረሱን ጀርባ እዩ። ኮርቻው ሳይጫን ግላሱን ገለጥ አድርጉና ተመልከቱ። ገጣባ፣ ማለትም የኮርቻ ቁስል፣ ያለው ፈረስ ላይ አትውጡ። ለፈረሱ ማዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ ያመመው ፈረስ ይወራጫል። ክብደትም አለ። ፈረስ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ይመረጣል ይባላል። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ሂሳቡ 50 ኪሎ ይመጣል፣ ኮርቻውን ጨምሮ። ባለቤቴ ይህንን ሲሰማ ዝም አለ። እንግዲህ ከበድ ያለ ሰው ትልቁን ፈረስ ይጠይቅ፣ ለአጭር ጊዜ ይቀመጥ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ወርዶ ይሂድ።

ዋጋ ሳትወጡ ተነጋገሩ። ለሰዓት ነው ወይስ ለዙር? ልጓሙን የሚይዘው ልጅ ሂሳብ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ከወረዱ በኋላ መከራከር ያስጠላል።

ደስ የሚለው ክፍል ስም ማውጣቱ ነው። ድሮ ጌቶች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ይህን ለልጄ ስነግራት የተቀመጠችበት ዳማ ፈረስ ከኪሷ ቆሎ ሰርቆ ስለበላ "አባ ቆሎ" አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትቀመጥበት ፈረስ በሙሉ አባ ቆሎ ነው። ነጭም ይሁን ጉራቻ፣ ባዝራም ብትሆን።

ክረምት ላይ ሱሉልታ አይሆንም። ሜዳው ረግረግ ይሆናል፣ ፈረሱም ይንሸራተታል።

ሱባ፦ ዳገቱ ጠዋት ነው

ፈረስ ፈልጎ ወደ መናገሻ ሱባ አይኬድም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። የሚኬደው ለእግርና ለዛፍ ነው።

በጅማ መንገድ ሰበታ ድረስ አስፋልት ነው። ከዚያ ተገንጥሎ ኮረኮንች ይሆናል፤ ካርታው ላይ አጭር የሚመስለው መንገድ መጨረሻው ላይ ጊዜ ይበላል። ከፍ ያለ መኪና ያለው ዘመድ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ዝቅ ያለች ቪትዝ በበጋም ትሳቀቃለች፣ ክረምት ላይማ አትሞክሯት።

ጫካው ግን! ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እውነትም ጥዶቹን ቀና ብላችሁ ስታዩ ቆባችሁ ይወድቃል። ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ከፍ ስትሉ ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ። ባሕር ዛፍ ለለመደ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ሌላ አገር ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ነጭ ጭራዋ ከኋላ እንደ ነጠላ ጥለት ይንሳፈፋል። ዝም ብሎ ለሚጠብቅ የምኒልክ ድኩላም ይታያል። ከልጆች ጋር ዝም ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው፤ እኛ እስካሁን ያየነው ኋላውን ነው።

ዳገቱ ከጫካው ግርጌ ይጀምርና ወደ ወጨጫ ተራራ ይወጣል። ጫፉ 3,385 ሜትር ነው። ቤተሰብ ጫፍ መድረስ የለበትም። የሱባ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ዳገቱ ጠዋት ስለሆነ የደከመ ሰው ባለበት ቆሞ ዞር ቢል መመለሻው ቁልቁለት ነው። ሰው ተሸክሞ መውጣት የለም። ባለቤቴና ወንዱ ልጄ ወደ ላይ ሲቀጥሉ እኔ፣ እማዬና ትንሿ ጅረቱ ዳር ጋቢ አንጥፈን በሶ በጥብጠን ጠበቅናቸው። ወደ ጫፉ የሚሄዱት ከጫካው ጥበቃ ጋር ተነጋግረው መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዘው ይሂዱ። ዛፉ አንድ ዓይነት ስለሚመስል ለመጥፋት አያስቸግርም።

የእማዬ ጉልበት የታመመው ግን ሲወርድ ነው፣ ሲወጣ አይደለም። ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ዳገት ትንፋሽ ይበላል፣ ቁልቁለት ጉልበት ይበላል። ትንፋሽ ቆም ሲሉ ይመለሳል። ጉልበት ግን ማታ ቤት ሲገቡ ነው ሂሳቡን የሚጠይቀው።

ወንጪ፦ ዳገቱ ማታ ይጠብቃችኋል

ወንጪን በቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። አታድርጉት። 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ ተራራ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ያንኑ መንገድ መመለስ ሽርሽር ሳይሆን ሥራ ነው። ቅዳሜ ሂዱ፣ እደሩ፣ እሁድ ተመለሱ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በሆለታና በአዲስ ዓለም አምቦ፣ ሌላው በሰበታና በቱሉ ቦሎ ወሊሶ። ወንጪ በሁለቱ መሐል ነው። እኛ በአምቦ ሄደን በወሊሶ እንመለሳለን። በአምቦ የሄድንበት ምክንያት አዲስ ዓለም ማርያምን ለመሳለም እማዬ ስለምትፈልግ ነው። አምቦ ደግሞ የአምቦ ውሃን ከምንጩ ከተማ መጠጣት ለልጆች እንደ ተአምር ነው፤ ጠርሙሱ ያው ቢሆንም።

ቦታው ከምታውቁት ተራራ የተገለበጠ ነው። የምትደርሱት አናቱ ላይ ነው። ከእግራችሁ ሥር እሳተ ገሞራ የተወው ጎድጓዳ አለ፤ ውስጡ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን። ዙሪያው ገብስና እንሰት ነው። በጀልባ ትሻገራላችሁ። ፍል ውሃም አለ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። በገበታ ለሀገር ከተሠሩት ቦታዎችም አንዱ ስለሆነ ከአሥር ዓመት በፊት የሄደ ሰው አሁን ቢሄድ ብዙ አዲስ ነገር ያገኛል። ፈረሱ ግን ድሮም ነበረ። የአካባቢው ሰው ከፈረስ ጋር ያደገ ነው፤ ሕፃኑ ያለ ኮርቻ ሲያልፋችሁ የእናንተ አቀማመጥ ያሳፍራችኋል።

አሁን ወደ ዳገቱ። ጠዋት ትወርዳላችሁ። አየሩ ደስ ይላል፣ ሐይቁ እያደር ይሰፋል፣ ሁሉም ይዘፍናል። የመጀመሪያው ጊዜ ባለፈረሶች ተከትለውን "ፈረስ? በቅሎ?" ሲሉ ባለቤቴ "በእግራችን ነው የመጣነው፣ እናመሰግናለን" ብሎ መለሳቸው። ቁጠባ ነበር። ሐይቁ ዳር በልተን፣ ተሻግረን፣ ተመልሰን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ቀና ስንል ያ ሁሉ የወረድነው ተራራ ፊታችን ቆሟል። ልጅቷ "አባ ቆሎስ?" አለች። አባ ቆሎን ጠዋት መልሰነዋል። ባለቤቴ ልጅቷን አዝሎ ወጣ። አሥር እርምጃ፣ ቆም። አሥር እርምጃ፣ ቆም። ላይ ሲደርስ ሹራቡ ሊጨመቅ ይችል ነበር። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የሂሳባችን ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ተገልብጦ ነው የሄድነው። እግሩ ደህና የሆነ ሰው በእግሩ ወረደ። ለጀማሪ ቁልቁለት ላይ ፈረስ መቀመጥ ያስፈራል፤ ወደ ኋላ ደገፍ ማለት ያስፈልጋል፣ ሰው ግን ሲፈራ ወደ ፊት ነው የሚጎነበሰው። ፈረሱን ለመመለሻ አስያዝነው፤ ሰዓቱንና ቦታውን ተነጋግረን። ሽቅብ ሲሆን ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ጋማውን ያዝ ማድረግ ነው፣ ቀላል ነው። ሴቷ ልጄ "ሱታ፣ ሱታ!" እያለች ወጣች። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው፤ ልጓም የያዘላት ልጅ ነው ያስተማራት። ከባለፈረሱ ይልቅ ለፈረሱ ነበር የምትነግረው።

እማዬ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ናት። ለእሷ በቅሎ ነው የያዝንላት፣ መውረጃም መውጫም። ቁልቁለቱ ጉልበቷን ስለሚበላ። በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ድንጋይ መርጣ ነው የምትረግጠው፣ አትቸኩልም። ድሮ መኳንንቱም ረጅም መንገድ ሲሄዱ በበቅሎ ተቀምጠው ፈረሱን ከጎን ያስጎትቱት ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ ጀርባዋን ቀጥ አደረገች፤ ነጠላዋንም አስተካከለች። ፎቶው አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው።

ብርዱን አትናቁት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ቆብ ያልያዘ ልጅ አፍንጫው ይላጣል። ዝናብ ላይ ጉም ሐይቁን ስለሚሸፍነው 150 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ጉም ልታዩ ትችላላችሁ። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መስከረም አደይ አበባው ያምራል፣ ጭቃው ግን ገና አልደረቀም።

በአጭሩ ስለ ሌሎቹ

ዝቋላ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቦ ገዳም አለው። ዳገቱ መጀመሪያ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምዕመኑ ይጎርፋል። ለእኔ የሚሄዱበት ለመሳለም እንጂ ለፈረስ ጨዋታ አይደለም። ባሌ ላይ ፈረስ ጭኖ ሳነቴ መውጣት የብዙዎች ምኞት ነው፤ እዚያ ያለው ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ መነሻው ዲንሾ ራሱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሁለት ቀን ነገር አይደለም፣ የትንሣኤን ዕረፍት ጠብቁ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ነው፣ አሣ ነው፣ መዋኛ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ተራራ የሚል ልጅ አያረካም።

ከከተማ የሚያስወጣ መንገድ ከሆነ ደግሞ ጸጥታውን በዋዜማው እዚያ የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። የሚያከራያችሁን ሳይሆን፣ ሌላ ሰው። ምላሹ "እምም…" ብሎ ከጀመረ እንጦጦ አለላችሁ።

ለማን የቱን?

ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ እንጦጦ፣ ሌላ ክርክር የለም። ጎረምሳ ብቻ ከሆነ ሱባ፣ ስልክ ብዙ ስለማያስነሳም እመርጠዋለሁ። ፈረስ የሚያብድላት ልጅ ካለች አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ ትማርና በሌላ ሳምንት ወንጪ ትውጣ፤ በዚያ ቅደም ተከተል። ሁሉም ዕድሜ የተቀላቀለበት ቤተሰብ፣ ጉልበት የሚያማት እናትና ጉልበተኛ ልጅ ያሉበት፣ ገንዘቡ ከተገኘ ወንጪ ነው። ሌላው ቦታ ላይ ወይ ልጆቹ ይሰለቻሉ ወይ አያት ትቀራለች። እዚያ ሁሉም ድርሻውን ያገኛል።

ከቆላ የመጣ እንግዳ ካለ ሂሳቡ ይለወጣል። አክስቴ ከድሬዳዋ መጥታ በማግስቱ እንጦጦ ወሰድናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪናው ወጣ፣ እሷ ወረደች፣ ሃያ ሜትር ሄዳ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። "አየሩን ማን ወሰደው?" አለች። ራሷን አመማት፣ አይስክሬም እንኳ አልበላችም። እንዲህ ያለ እንግዳ ሁለት ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይውጣ።

ለሁሉም ቦታ የምንይዘው ያው ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ። ቡና በፔርሙስ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። ጋቢ ለእማዬ፣ ሹራብ ለልጆቹ፣ ዝናብ ባይታይም የዝናብ ልብስ። አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አይመረቅም። የለመደ ሸራ ጫማ ከአዲስ የተራራ ጫማ ይሻላል። ዝርዝር ብርም አትርሱ፤ ባለጀልባው ጋር ቴሌብር ላይሠራ ይችላል፣ ኔትወርኩም እንደ ፈረሱ ሲፈልግ ነው የሚመጣው።

ከወንጪ የምትመለሱ ከሆነ እሁድ በ7 ሰዓት ተነሱ። ልጆቹ "ትንሽ ደቂቃ" ይላሉ፣ ባለፈረሱም "አንድ ዙር በነፃ" ይላል። አትስሙ። ከ10 ሰዓት በኋላ ከሰበታ እስከ አየር ጤና ያለው መንገድ የክፍለ ሀገር መኪና፣ ሲኖትራክና ከሰርግ የሚመለስ ሚኒባስ ይሞላዋል። ባለፈው ጊዜ ዘግይተን ወጥተን አየር ጤና ላይ ቆመን ሳለ ልጄ ከኋላ ወንበር ተኝታ፣ እንቅልፍ ላይ ሆና፣ "ሱታ" ስትል ሰማኋት። መኪናው አልተንቀሳቀሰም ነበር።